ከብድሩ በፊት ያለው ሥራ፦ በጋሞ ዞን ለአነስተኛና ታዳጊ ንግዶች የሚሰጡ ድጋፎች

(የመግቢያ ሙዚቃ)

በአርባ ምንጭ ሲቀላና ሴቻ፣ በጨንቻና በዶርዜ ደጋ፣ በምዕራብ ዓባያ የሙዝ ማሳዎች፣ በቦንኬ፣ በካምባ፣ በዲታና በዳራማሎ ያላችሁ ሁሉ፣ ዛሬ የምንነጋገረው ከእናንተ ጋር ነው። በሽመና ጉድጓድ ላይ ተቀምጣችሁ፣ በዳቦ ቤት ዱቄት እያቦካችሁ፣ በብረታ ብረት ሼድ ውስጥ እየበየዳችሁ ሬዲዮ የከፈታችሁ ካላችሁ ደግሞ የዛሬው ዝግጅት በተለይ ለእናንተ ነው።

የምንነጋገረው መንግሥት ለጥቃቅን፣ ለአነስተኛና ለታዳጊ ንግዶች ስለሚሰጠው ድጋፍና ስለ ገንዘብ ምንጮቹ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ሲነሳ አብዛኛው ሰው በቅድሚያ የሚጠይቀው “ብድሩ ስንት ነው? መቼ ይለቀቃል?” የሚለውን ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ገንዘቡ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። የዶርዜ ሸማኔ ድሩን ሳይዘረጋ ማጉን አይወረውርም። ድሩ ያልተስተካከለ ሸማ የቱንም ያህል ጥሩ ማግ ቢገባበት ተጣሞ ይቀራል። ብድርም እንደዚሁ ነው፤ ሥራው፣ ሒሳቡና ገበያው ቀድሞ ካልተዘረጋ የገባው ገንዘብ ዕዳ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ዛሬ ከብድሩ በፊት ካለው ሥራ እንጀምርና ወደ ብድሩ በሮች እንሄዳለን።

በመጀመሪያ፣ ድጋፍ ስንል ምን ማለታችን ነው? አገራችን የመጀመሪያውን የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ልማት ስትራቴጂ ያወጣችው በ1990 ዓ.ም. ነው። በ2003 ዓ.ም. ስትራቴጂው ተሻሽሎ ድጋፉ በዝርዝር ተቀመጠ። ስልጠና፣ የማምረቻና የመሸጫ ቦታ፣ ብድር፣ የገበያ ትስስር፣ የቴክኖሎጂና የምክር አገልግሎት፣ እንዲሁም የሒሳብ አያያዝ እገዛ በአንድ ላይ የድጋፍ ማዕቀፉ ናቸው። ብድር ከእነዚህ አንዱ ብቻ መሆኑን ልብ በሉልኝ። ብድር ያላገኘ ሰው ሼድ ሊያገኝ ይችላል። ሼድ ያላገኘ ስልጠና ሊያገኝ ይችላል። አንዱ በር ቢዘጋ ሌላውን አንኳኩ።

ይህን ሁሉ የሚያስተባብረው ጽሕፈት ቤት ስያሜው በየጊዜው ተቀያይሯል። ብዙ ሰው ዛሬም “ጥቃቅንና አነስተኛ” እያለ ይጠራዋል። በፌዴራል ደረጃ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ጉዳዩን የሚመራው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ነው። በእኛ በኩል በ2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ቀድሞ በሐዋሳ በኩል ይሄድ የነበረው መዋቅር በአዲሱ ክልል ስር ሆኗል። ለእናንተ ግን የመጀመሪያው ደጃፍ ሩቅ አይደለም፤ በቀበሌ ወይም በክፍለ ከተማ ያለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት መስጫ ጣቢያ ነው። የሥራ ፈላጊ ምዝገባ፣ የመደራጀት ጥያቄ፣ የንግድ ምዝገባና ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የብድር ጥያቄ እዚያ በአንድ ጣሪያ ስር እንዲስተናገዱ ነው የታሰበው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ሁለተኛው ጉዳይ እንለፍ። የእናንተ ሥራ የትኛው ደረጃ ላይ ነው? ደረጃውን ያላወቀ ሰው የማይከፈትለትን በር ሲያንኳኳ ይውላል።

በ2003ቱ ስትራቴጂ መሠረት በኢንዱስትሪ ዘርፍ፣ ማለትም በማምረት፣ በኮንስትራክሽንና በመሳሰለው፣ ባለቤቱንና ቤተሰቡን ጨምሮ እስከ 5 ሰው የሚያሠራና ጠቅላላ ካፒታሉ ከ100,000 ብር ያልበለጠ ድርጅት ጥቃቅን ይባላል። ከ6 እስከ 30 ሰው የሚያሠራና ካፒታሉ እስከ 1.5 ሚሊዮን ብር የሚደርስ ደግሞ አነስተኛ ነው። በአገልግሎት ዘርፍ፣ እንደ ምግብ ቤት፣ ጥገናና ጸጉር ቤት ባለው፣ የጥቃቅኑ ጣሪያ 50,000 ብር፣ የአነስተኛው 500,000 ብር ሆኖ ተቀምጦ ነበር። ከዚያ ወዲህ የብር የመግዛት አቅም እጅግ ተለውጧል። ስለዚህ ዛሬ በሥራ ላይ ያለውን መለኪያ ከጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ አረጋግጡ። ዋናው ቁም ነገር መለኪያ መኖሩና መለኪያውም የሠራተኛ ብዛትንና ካፒታልን አብሮ የሚያይ መሆኑ ነው።

ከዚህ ሌላ የዕድገት ደረጃ አለ። ድርጅት በምሥረታ ደረጃ ይጀምራል፣ ወደ ታዳጊ ይሸጋገራል፣ ከዚያ ይበቃል። ለጀማሪ የሚሰጠው ድጋፍ ስለ መደራጀት፣ ስለ መነሻ ካፒታልና ስለ ቦታ ነው። ለታዳጊው ትኩረቱ ምርታማነት፣ ጥራትና ገበያ ላይ ይሆናል። የበቃው ደግሞ ሼዱን ለተረኛ ለቆ ወደ መካከለኛ ኢንዱስትሪ እንዲያድግ ይጠበቃል። እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። አድጎ እያለ በጀማሪ ስም ሼድ ይዞ የሚቀመጥ ሰው የወጣቱን ተራ እየበላ ነው። ማደግን የሚደብቅ ሰው ለታዳጊና ለመካከለኛ የተዘጋጀውን ትልቁን የገንዘብ በርም በራሱ ላይ ይዘጋል።

እንግዲህ ወደ ገንዘቡ በሮች እንምጣ።

የመጀመሪያው በር የማይክሮ ፋይናንስ ብድር ነው። የማይክሮ ፋይናንስ ሥራ በአገራችን በሕግ የተፈቀደው በአዋጅ ቁጥር 40/1988 ነው። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ በቀድሞው ደቡብ ክልል ኦሞ ማይክሮ ፋይናንስ የሚባል ተቋም ተቋቋመ። ዛሬ ኦሞ ባንክ ሆኗል። የጋሞ ገበሬና ነጋዴ ለብዙ ዓመታት የተበደረው ከዚህ ተቋም ነው። የብድሩ ዋና መያዣ ብዙ ጊዜ የቡድን ዋስትና ነው፤ አባላቱ አንዱ ለሌላው ዋስ ይሆናሉ። አሠራሩ በዓለም ዙሪያ የታወቀው በባንግላዴሽ ግራሚን ባንክ ነው። ባንኩና መሥራቹ መሐመድ ዩኑስ እንደ ፈረንጆቹ በ2006 የኖቤል የሰላም ሽልማት አግኝተውበታል። የቡድን ዋስትና ቤትና መኪና የሌለውን ሰው ያስከብረዋል፤ መያዣው ታማኝነቱ ነውና። በዚያው መጠን ግን ከማን ጋር እንደምትደራጁ አጥብቃችሁ አስቡ። ጓደኛችሁ ሳይከፍል ሲቀር ዕዳው የእናንተ ነው።

ከብድር በፊት ቁጠባ ይጠየቃል። ከምትፈልጉት ገንዘብ የተወሰነውን፣ በብዙ ፕሮግራሞች 20 በመቶውን፣ ራሳችሁ ቆጥባችሁ 80 በመቶው በብድር ይሞላል። ብዙ ወጣቶች ይህን እንደ መሰናክል ያዩታል። እኔ ግን ከሁሉ የተሻለው ትምህርት ይህ ነው እላለሁ። ከትንሽ ገቢ ላይ በየሳምንቱ ቀንሶ ማስቀመጥ የቻለ ሰው የብድር ክፍያውንም በየወሩ ማስቀመጥ ይችላል። በዕቁብ የኖረ ሕዝብ ይህን አሳምሮ ያውቀዋል።

ሁለተኛው በር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ነው። በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 995 የተቋቋመው ይህ ፈንድ 10 ቢሊዮን ብር የተመደበለት ሲሆን ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 34 ዓመት ለሆኑ ወጣቶች ነው። ገንዘቡ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በኩል ሄዶ በማይክሮ ፋይናንስ ተቋማት አማካይነት ወደ ተደራጁ ወጣቶች ይደርሳል። ተዘዋዋሪ መሆኑን አትርሱ። አንዱ ቡድን የመለሰው ገንዘብ ለሚቀጥለው ቡድን ይሰጣል። ያልተመለሰው ደግሞ ተሰልፎ የሚጠብቀውን ወጣት ባዶ እጁን ያስቀረዋል።

ሦስተኛው በር ሊዝ ፋይናንስ፣ የካፒታል ዕቃ ኪራይ የሚባለው ነው። ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው። በሊዝ በእጃችሁ የሚገባው ጥሬ ገንዘብ ሳይሆን ማሽኑ ነው። ከጫሞ ሐይቅ ዓሣ የሚያወጣ አንድ ማኅበር አለ እንበል። ቆሮሶ፣ ናይል ፐርችና አምባዛ ያወጣል። አርባ ምንጭ ቆላ ነው፤ ዓሣው በሰዓታት ውስጥ ይበላሻል፤ ስለዚህ በተገኘው ዋጋ ወዲያው ይሸጣል። ማኅበሩ 600,000 ብር የሚያወጣ የማቀዝቀዣ ዕቃ ቢያስፈልገው በሊዝ አሠራር 20 በመቶውን፣ ማለትም 120,000 ብር ያዋጣል። ቀሪውን 480,000 ብር አከራዩ ለዕቃ አቅራቢው በቀጥታ ይከፍላል። ማኅበሩ ዕቃውን መርጦ የአቅራቢውን የዋጋ ማቅረቢያ (ፕሮፎርማ) ያቀርባል፣ ዕቃው ተተክሎ ሥራ ይጀምራል፣ ኪራዩ በየጊዜው ይከፈላል። ክፍያው እስኪያልቅ ድረስ የዕቃው ባለቤት አከራዩ ነው። ሲያልቅ ባለቤትነቱ ወደ ማኅበሩ ይዞራል። ዕቃው ራሱ መያዣ ስለሆነ ቤት ወይም መሬት አምጡ አይባልም። ይህን አገልግሎት የኢትዮጵያ ልማት ባንክ ለአነስተኛና መካከለኛ አምራቾች ይሰጣል። ለዝቅተኛው ደረጃ ደግሞ በየክልሉ የተቋቋሙ የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ድርጅቶች አሉ፤ በደቡብ የተቋቋመው ደቦ ይባላል።

አራተኛው በር በተለይ ሴቶችን ይመለከታል። እንደ ፈረንጆቹ በ2012 በዓለም ባንክ 50 ሚሊዮን ዶላር የተጀመረ የሴቶች ሥራ ፈጠራ ልማት ፕሮጀክት ነበር። ገንዘቡ በልማት ባንክ በኩል ወደ ማይክሮ ፋይናንስ ተቋማት ሄዶ ሴት ነጋዴዎች በቡድን ሳይሆን በግላቸው እንዲበደሩ አድርጓል። ይህን የማነሳው ፕሮጀክቱ አንድ ትልቅ ችግር ስላሳየን ነው። ለቡድን ብድር ሥራዋ የገዘፈ፣ ለንግድ ባንክ ግን መያዣ የሌላት ሴት መሐል ላይ ቀርታ ነበር። እንዲህ ያሉ ነጋዴዎች ዛሬም በሲቀላ ገበያ ብዙ አሉ። ቀበሌያችሁ ውስጥ ለሴቶች ብቻ የተመደበ ብድር ወይም ስልጠና መኖር አለመኖሩን ሳትጠይቁ አትመለሱ።

አምስተኛው በር የተንቀሳቃሽ ንብረት መያዣ ነው። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከብት፣ የእርሻ ምርት፣ ማሽን፣ በመጋዘን ያለ ዕቃ፣ ገና ያልተሰበሰበ የደንበኛ ሒሳብ ሳይቀር ለብድር መያዣ እንዲሆኑ ፈቅዷል። መያዣውም በብሔራዊ ባንክ የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ይመዘገባል። ሁሉም ባንክ በእኩል ትጋት እየሠራበት አይደለም። ቢሆንም መብቱ በሕግ ስላለ የባንክ ባለሙያ “ካርታ ካላመጣህ አይሆንም” ሲላችሁ ስለዚህ አዋጅ መጠየቅ ትችላላችሁ።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ዋናው ጥያቄ ይመጣል። በሩ ቢከፈትስ፣ መበደር አለብን ወይ? መልሱ ያለው በደብተር ላይ ነው። እስቲ አብረን እናስላ። እስክሪብቶ ያላችሁ አንሱ። ቁጥሮቹን ለስሌት ብቻ ነው የወሰድኳቸው፤ በቦታቸው የእናንተን ቁጥር ተኩ።

አንድ የዶርዜ ሸማኔ አለ እንበል። ጋቢ ይሠራል። ለአንድ ጋቢ ድርና ማግ 1,100 ብር፣ የጥለት ክር 200 ብር፣ ማጓጓዣ 50 ብር ያወጣል። ጠቅላላ ወጪው 1,350 ብር ነው። ጋቢውን በ2,000 ብር ይሸጣል፤ 650 ብር ይተርፈዋል። በወር 8 ጋቢ ይሠራል። ስለዚህ የወሩ ትርፍ 5,200 ብር ነው። ከዚህ ላይ ለቤት አስቤዛና ለልጆች 4,000 ብር ይወጣል። በእጁ የሚቀረው 1,200 ብር ነው።

አሁን ይህ ሰው በወር 1,500 ብር የሚከፈልበት ብድር ወሰደ እንበል። በብድሩ የቤቱን ቆርቆሮ ቀየረ፣ ለሠርግ አወጣ፣ ቀሪውን ለዘመድ አበደረ። ሥራው ከነበረበት አልተንቀሳቀሰም። በየወሩ 1,200 ብር እያለው 1,500 ብር መክፈል አለበት። በየወሩ 300 ብር ይጎድለዋል። መጀመሪያ ከልጆቹ ደብተር ይቀንሳል፤ ቀጥሎ ክር በዱቤ ይወስዳል፤ በመጨረሻ ውዝፍ ውስጥ ይገባል፤ ዋሶቹም አብረውት ይገባሉ።

ያንኑ ብድር በሌላ መንገድ ተጠቀመበት እንበል። ክሩን በየሳምንቱ በችርቻሮ መግዛቱን ትቶ ከሌሎች ሸማኔዎች ጋር ሆኖ በጅምላ ገዛ። ለአንድ ጋቢ የሚያወጣው የድርና ማግ ዋጋ ከ1,100 ወደ 950 ብር ወረደ። በአንድ ጋቢ 150 ብር፣ በ8 ጋቢ 1,200 ብር ተረፈው። የወሩ ትርፍ 6,400 ብር ሆነ። ለቤት 4,000 ብር ሲወጣ 2,400 ብር ይቀራል። የብድር ክፍያውን 1,500 ብር ሲከፍል 900 ብር ይተርፈዋል። ብድሩም ያው፣ ሰውየውም ያው፣ ጋቢውም ያው። የተለወጠው ገንዘቡ የገባበት ቦታ ብቻ ነው።

ስለዚህ ከመበደራችሁ በፊት አንድ ጥያቄ መልሱ፦ ይህ ብድር ወጪዬን የሚቀንሰው ወይም ገቢዬን የሚጨምረው በየት በኩል ነው? በየወሩ ስንት ብር? መልሱ አሁን በየወሩ በእጃችሁ ከሚቀረው ገንዘብ ጋር ተደምሮ ከወርሃዊ ክፍያው በላይ ከሆነ ተበደሩ። ካልሆነ ቆዩ። መቆየት ስንፍና አይደለም። ስልጠናውንና ገበያውን አስቀድማችሁ በሚቀጥለው ዙር ብትበደሩ ትጠቀማላችሁ እንጂ አትጎዱም።

ይህን ስሌት ለመሥራት የሚያስፈልገው የ3 ወር ደብተር ነው። በአንድ ገጽ የገባ፣ በሌላው የወጣ። ማታ ማታ አሥር ደቂቃ። የቤት ወጪ ከሥራ ወጪ ተለይቶ ይጻፍ። ከሱቃችሁ የበላችሁትን ስኳርም ጻፉት። የብድር ባለሙያው ፊት ስትቀርቡ ከብዙ ገጽ የተገለበጠ ቢዝነስ ፕላን ይልቅ ይህ ደብተር ይናገርላችኋል።

በስልጠና በኩልም ሁለት ነገር ልጠቁም። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች፣ በእኛ አካባቢም የአርባ ምንጭ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ፣ የኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን የሚባል አገልግሎት እንዲሰጡ ኃላፊነት አለባቸው። አሠልጣኞች ወደ ሥራ ቦታችሁ መጥተው በቴክኒክ ክህሎት፣ ካይዘን በሚባለው የሥራ ማሻሻያ ዘዴ፣ በቴክኖሎጂና በሥራ ፈጠራ ያግዛሉ። ሁለተኛ፣ የኢንተርፕሬነርሺፕ ልማት ኢንስቲትዩት የሥራ ፈጠራ ስልጠና ይሰጣል። አዲስ ሐሳብ ያላችሁ ወጣቶች ደግሞ “ብሩህ” ለተሰኘው የሥራ ፈጠራ ሐሳብ ውድድር ማስታወቂያ ሲወጣ እንዳያመልጣችሁ።

ገበያስ? የአርባ ምንጭ ሙዝ አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል። የጨንቻ ፖም በየከተማው ይፈለጋል። የዶርዜ ጥበብ በሽሮ ሜዳ ሱቆች ተሰቅሏል። ሀብቱ አለን። የሚጎድለው ብዙ ጊዜ ገዢው የሚፈልገውን መጠንና ጥራት ባለማቋረጥ ማቅረብ ነው። ለዚህ መደራጀት ይጠቅማል። ከዚህ ሌላ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ግዢ አለ። በመንግሥት ግዢ ሕግ ጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ልዩ አስተያየት ይደረግላቸዋል። የጨረታ ማስከበሪያ በባንክ ገንዘብ ማስያዝ ለከበደው ድርጅት ካደራጀው አካል የሚጻፍ የዋስትና ደብዳቤ ሊያገለግል ይችላል። የትምህርት ቤት ወንበርና ጠረጴዛ፣ የሠራተኛ የደንብ ልብስ፣ የጽዳት አገልግሎት፣ የምግብ አቅርቦት የመሳሰሉት ጨረታዎች በከተማችን ይወጣሉ። የማስታወቂያ ሰሌዳውን በየሳምንቱ ተመልከቱ።

ውድ አድማጮች፣ አንድ ከባድ ነገር ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። “የመንግሥት ገንዘብ ነው፤ ባይመለስም ማን ይጠይቃል” የሚል አነጋገር በየሠፈሩ ይሰማል። ብድር ለማግኘት ብቻ ስማቸው የሚጻፍ፣ ሥራው ላይ ግን አንድ ቀን የማይታዩ አባላት ያሏቸው ማኅበራትም አሉ። ገንዘቡን ተከፋፍሎ መበተንም አለ። ይህ ጎረቤትን መጉዳት ነው። በአንድ ቀበሌ ውዝፍ ሲከማች አበዳሪው ለዚያ ቀበሌ እጁን ይሰበስባል። በሐቅ ሊሠራ የመጣው ወጣት በማያውቀው ዕዳ ይቀጣል። በሌላ በኩል ጽሕፈት ቤቶችም ኃላፊነት አለባቸው። ያለ ክትትል ብድር መስጠትና ለሪፖርት ሲባል ሰው ማደራጀት ወጣቱን ዕዳ ውስጥ መክተት ነው። በሼድ ድልድል አድልዎ ካያችሁ በጽሑፍ አቤቱታ አቅርቡ፤ ግልባጭ ያዙ፤ የተቀበላችሁን ሰው ስምና ቀን መዝግቡ። ድጋፉ የማንም ውለታ አይደለም፤ መብታችሁ ነው።

ከመሰናበታችን በፊት በዚህ ሳምንት የምትሠሩትን ላስታውሳችሁ። አንደኛ፣ ዛሬ ማታ ደብተር ጀምሩ። ሁለተኛ፣ መታወቂያችሁ ያላለፈበት መሆኑን፣ ንግድ ፈቃድ ካላችሁም መታደሱን አረጋግጡ። ሦስተኛ፣ በየሳምንቱ ልትቆጥቡ የምትችሉትን መጠን ወስናችሁ አካውንት ክፈቱ። አራተኛ፣ ወደ አንድ ማዕከል ጣቢያ ሄዳችሁ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ የእኔ ሥራ የትኛው ደረጃ ነው? ለዚህ ደረጃ አሁን ያለው ድጋፍ ምንድን ነው? ማሟላት ያለብኝ ምንድን ነው? መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ። ማሽን ለምትፈልጉ አምስተኛ አለ፦ ከሁለት ወይም ከሦስት አቅራቢ ፕሮፎርማ ሰብስቡ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ብድሩን ከጠየቃችሁ፣ ወደ ቢሮው የምትገቡት እንደ ለማኝ ሳይሆን ሒሳቡን እንደሚያውቅ ነጋዴ ነው። አበዳሪውም የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ሰው ነው።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)